ፕሮጀክተር ለደጋ ቤት፦ ስክሪኑ ከሞራሌ፣ ጨለማው ከብርድ ልብስ

ፕሮጀክተር ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ያወጣል?» ብሎ ነው፤ ኢንቹ የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ ነው። ሻጩ «200 ኢንች» ይላል፤ አልዋሸም። ማንኛውም ፕሮጀክተር ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይሰፋል፤ ግድግዳው ከበቃ 300 ኢንችም ይሞላል። የማይጨምረው ብርሃኑ ነው። በ60 ኢንች ላይ ደምቆ የታየው ምስል 120 ኢንች ላይ ሲዘረጋ አራት እጥፍ ይደበዝዛል፤ ወርዱም ቁመቱም በእጥፍ አድጓልና። ስለዚህ የቤት ሲኒማ ነገር የሚጀምረው ከማሽኑ ሳይሆን ከልኩ ነው። ለእኔ በደንብ በጨለመ ክፍል ውስጥ ያለ 80 ኢንች፣ ጭላንጭል በሚገባበት ሳሎን ከተዘረጋ 120 ኢንች ይበልጥብኛል። በዚህ የማይስማማ ብዙ ነው፣ በተለይ ኳስ ለማየት የሚገዛው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የፕሮጀክተሩን ብርሃን በአንሲ ሉመን፣ ማለትም በደረጃ በተወሰነው የብርሃን መለኪያ፣ ያዙና ለስክሪኑ ስፋት በካሬ ሜትር አካፍሉት፤ የወጣውን ደግሞ ለ3.14 አካፍሉ። የሚገኘው ቁጥር በተራ ነጭ ስክሪን ላይ የምታዩት ድምቀት ነው፣ በኒት። ሲኒማ ቤቶች የሚመሩበት ደረጃ 48 ኒት ነው። 200 አንሲ ሉመን ያለው ማሽን በ100 ኢንች ስክሪን፣ ማለትም በ2.76 ካሬ ሜትር ላይ፣ 23 ኒት ብቻ ይሰጣል። በ80 ኢንች 36፣ በ60 ኢንች 64 ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ 9,000 ሉመን ተብሎ የተጻፈበት አነስተኛ የኤልኢዲ ፕሮጀክተር በእውነተኛው መለኪያ 200 አካባቢ ቢወጣ አትደነቁ። «አንሲ» የሚለው ቃል አብሮት ከሌለ ቁጥሩን እንዳላያችሁ እለፉት።

ሌላው ካርቶን ላይ የሚያታልለው «1080 ይቀበላል» የሚለው ነው። መቀበል ማለት ፋይሉን ያነባል ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። የማሽኑ የራሱ ጥራት 854 በ480 ነጥብ ከሆነ፣ 177 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው 80 ኢንች ምስል ላይ እያንዳንዱ ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ነጥቦቹ ከዓይን እስኪጠፉ 7 ሜትር መራቅ አለባችሁ። በ1280 በ720 ነጥቡ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1920 በ1080 ደግሞ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ ከ3 ሜትር ጀምሮ የማይለይ። ሱቅ ውስጥ ለማጣራት ደቃቅ ፊደል ያለበት ሰነድ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የአማርኛ ጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፤ የ«ጪ» እና የ«ጩ» ልዩነት ከ2 ሜትር ላይ ካልተነበበ፣ ፊልሙ ላይ የትርጉም ጽሑፉም አይነበብም።

ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ፣ ስክሪን ከመሥራታችሁ በፊት፣ ሌንሱን ከግድግዳ ልክ 2 ሜትር ላይ አስቀምጡና የምስሉን ወርድ በሜትሮ ለኩ። 200ን ለወርዱ አካፍሉ። ወርዱ 148 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1.35 ይወጣል፤ ይህ የማሽናችሁ ቋሚ ቁጥር ነው። ለ177 ሴንቲ ሜትር ወርድ ሌንሱ ከስክሪኑ 2.39 ሜትር መራቅ አለበት፣ 1.77 ሲባዛ በ1.35። ዙም ያለው ማሽን ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ ለኩ። ይህን ሳያደርጉ መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ መስቀያ የሚበሱ ሰዎች በኋላ ስክሪኑን ለቀዳዳው ልክ ለመሥራት ይገደዳሉ።

አሁን ወደ ስክሪኑ። ሦስት መንገድ አለ፦ ግድግዳውን ማዘጋጀት፣ ባነር መወጠር፣ ጨርቅ በፍሬም ላይ መወጠር። ግድግዳው የብሎኬት ሆኖ ልስኑ ጥሩ ከሆነ የመጀመሪያው ርካሽም ምርጥም ነው። ስቱኮ ይመታል፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ከዚያ በውሃ የሚበጠበጥ የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም በአጭር ፀጉር ሮለር 2 ወይም 3 ጊዜ ይቀባል። የዘይት ቀለም አይሆንም፤ ያብለጨልጭና የፕሮጀክተሩ አምፖል ራሱ መሀል ላይ እንደ ነጭ ጉድፍ ይታያል። የልስኑን ጉድለት ለማየት ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልክ ባትሪ ከግድግዳው ጋር አስተኝታችሁ አብሩ፤ ቀን የማይታየው ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። የጭቃ ቤት ግን ለዚህ አይመችም። ጭቃው ከክረምት ወደ በጋ ሲሻገር ይሰነጠቃል፣ የታችኛው ክፍልም እርጥበት ስቦ ቀለሙን ያሳብጠዋል።

ባነር በማስታወቂያ ማተሚያ ቤቶች ይገኛል። ሳይታተምበት፣ የማያብረቀርቀው ዓይነት መሆኑን በእጃችሁ ገልብጣችሁ በመብራት አይታችሁ፣ ተጠቅልሎ እንጂ ታጥፎ እንዳይሰጣችሁ። አንዴ የታጠፈ ባነር መስመሩ አይጠፋም። ጥሩ ጎኑ እርጥበት አለመጠጣቱ ነው። ደብረ ሲና ላይ ጉም ቤት ውስጥ ድረስ በሚገባበት ወቅት የጥጥ ጨርቅ ሻጋታ ሊያወጣ ስለሚችል እዚያ ባነሩን እመርጣለሁ።

ለአብዛኛው ሰው ግን ጨርቅ ይበቃል። ነጭ አቡጀዲ ወይም ወፈር ያለ የአንሶላ ቴትሮን፣ ስፌት የሌለበት። እጃችሁን ከጨርቁ ጀርባ አድርጉና ወደ መስኮት አንሱት፤ ጣቶቻችሁ ከተቆጠሩ ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው፣ ያለፈው ደግሞ ከኋላ ካለው ግድግዳ ተመልሶ ምስሉን ያደበዝዛል። መፍትሔው ከጀርባ ሁለተኛ ሽፋን ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሽፋን ጥቁር ይሁን ነጭ የሚለው ያከራክራል። ጥቁሩ ምስሉን ያጠራል፣ ግን ብርሃን ይበላል። ማሽኑ ደካማ ከሆነ ሁለተኛውንም ነጭ አድርጉት፤ ከ1,000 አንሲ ሉመን በላይ ላለው ጥቁሩ ይሻላል።

ለ80 ኢንች ስክሪን ምስሉ 177 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው። ዙሪያውን 6 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ጠርዝ ስንጨምርበት ፍሬሙ ከውጭ ወደ ውጭ 189 በ112 ይሆናል። እንጨቱ 4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ፣ ባለ 4 ሜትር 2 ፍሬ። ከአንዱ ሁለቱን አግዳሚ፣ እያንዳንዳቸው 189 ሴንቲ ሜትር፣ ከሌላው ሦስት ቋሚ፣ እያንዳንዳቸው 102 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ቋሚዎቹ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ይገባሉ፣ 102 ላይ የሁለቱ ባለ 5 ወርድ ሲደመር 112 ይመጣል። የባህር ዛፍ ሞራሌ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ይሸጣልና ቤት ውስጥ ሲደርቅ ይጣመማል። የፈረንጅ ጥድ ከተገኘ እሱን። ባይገኝም እያንዳንዱን እንጨት በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይታችሁ ምረጡ፣ ገዝታችሁም 2 ሳምንት ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ላይ አስተኙት።

መሀል ላይ የሚቆመው ሦስተኛው ቋሚ አግዳሚዎቹ ጨርቁ ሲወጠር ወደ ውስጥ እንዳይጎብጡ የሚይዝ ነው። የፊት ገጹ ግን በመላጊያ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ጨርቁን ከነካ መሀል ላይ የማይጠፋ መስመር ይሠራል፤ ቤት በተሠሩ ስክሪኖች ላይ ከሚታዩት ጉድለቶች ዋናው ይህ ነው። ማዕዘኖቹን በኮላና በብሎን እሰሩ፣ ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ግን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ሁለቱም 219.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከበለጠ ፍሬሙ ሰያፍ ሆኗል፤ ረጅሙን ሰያፍ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉና አጥብቁ።

ጨርቁ 2.10 በ1.32 ሜትር ይቆረጥ፤ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ማለት ነው። አስቀድሞ ታጥቦ ይተኮስ፤ ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እርጥበት ይሸበሸባል። ወለል ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፉና ጨርቁን በፊቱ ደፍታችሁ ፍሬሙን ከላይ አስቀምጡ። አወጣጠሩ ከበሮ እንደሚለበጥበት ነው፣ ተቃራኒ ለተቃራኒ። መጀመሪያ የላይኛው ጎን መሀል፣ ከዚያ የታችኛው መሀል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ፤ ቀጥሎ ከመሀል ወደ ማዕዘን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ። ሶፋ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የስቴፕል ሽጉጥ ሥራውን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ከሌለ ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነ አጭር ሚስማር ይሠራል። ከማዕዘን የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ መሀሉ ይላላበታል። ለማዕዘኑ ትርፉን አንድ ጊዜ ብቻ እጠፉት፤ ድርብ እጥፋት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አንዱን ጥግ ወደ ፊት ይገፋዋል።

ጠርዙን በጥቁር ከፋይ ልበጡ። ለጌጥ አይደለም፤ ከፋይ ብርሃን ይውጣል፤ ምስሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ቢተርፍ እዚያው ይጠፋል፣ ዓይንም ከጥቁር ጠርዝ አጠገብ ያለውን ምስል የበለጠ ደማቅ አድርጎ ያየዋል። ጥቁር ቀለም የተቀባ እንጨት ይህን ያህል አይሠራም።

የተጠናቀቀው ፍሬም 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር 2 ቦታ ይበቃዋል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ጭቃው ውስጥ አትምቱ፤ በጣት እያንኳኳችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉና እዚያ ላይ። ከላይ በገመድ ወይም በሰንሰለት ማንጠልጠል አንድ ጥቅም አለው። ፕሮጀክተሩ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ቀና ካለ ምስሉ ከላይ ይሰፋል፤ ብዙዎች ይህን በሪሞት «ኪስቶን» በሚለው ያስተካክሉታል። ኪስቶን ነጥቦችን በመጨፍለቅ ነው የሚያስተካክለው፤ ጥራት ይቀንሳል፣ ዙሪያውንም የደበዘዘ ግራጫ ጥላ ይተዋል። ከዚያ ይልቅ የስክሪኑን የላይኛውን ጠርዝ ወደ ተመልካቹ ትንሽ አዘንብሉት፣ ቅርጹ ይቃናል። የግራው ጎን ከቀኙ ከረዘመ ደግሞ ሌንሱ ከግራው ጎን ርቋል ማለት ነው፤ በክር ከሌንሱ እስከ ሁለቱ ጠርዞች ለክታችሁ እኩል እስኪሆን ማሽኑን ወደ ጎን አንቀሳቅሱት።

ፕሮጀክተሩን ኮርኒስ ላይ መስቀል የሚፈልግ ሰው መስቀያውን ከኮርኒሱ በላይ ካለው እንጨት ጋር ይሰር። አቡጀዲም ሆነ ቺፑድ ኮርኒስ ብቻውን አይሸከምም፤ ቢሸከምም ሰው ሲራመድ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የኋላ ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ የተሻለ ነው እላለሁ፣ ርቀቱ ከማሽኑ ቁጥር ጋር እስከተስማማ ድረስ።

ስለ ጨለማ። ፕሮጀክተር ጥቁር አያወጣም። በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ማሽኑ ሲጠፋ ስክሪኑ የነበረው መልክ ነው፤ በእኩለ ቀን የሳሎናችሁ ስክሪን ነጭ ከሆነ የፊልሙ ሌሊትም ነጭ ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ መልካም ዕድል አለን። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና መስኮት ላይ ቢንጠለጠል ከገበያ መጋረጃ ይበልጣል፤ ወፍራም ነው፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፣ ድምፅም ይውጣል። ከመስኮቱ ጠርዝ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። መስኮት ብቻም አይበቃም፤ ክሬም ቀለም ያለው ግድግዳና ነጭ ኮርኒስ የስክሪኑን ብርሃን ወደ ስክሪኑ ይመልሳሉ። ከስክሪኑ ጀምሮ 1 ሜትር ያህል በግራ፣ በቀኝና ከላይ ጠቆር ያለ ጨርቅ ማድረግ ምስሉን አዲስ ማሽን የተገዛ ያህል ይለውጠዋል።

ነገር ግን ጨለማ ማለት መታፈን አይደለም። ይህን አስምሩበት። በደጋው ብርድ ማታ ማታ ከሰል ቤት ማስገባት የተለመደ ነው፤ መስኮቱንና የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ደፍኖ 2 ሰዓት ፊልም ማየት ደግሞ አዲስ ልማድ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ይገድላሉ። የከሰል ጭስ ጠፍቶም ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ይቀራል፣ መጀመሪያ የሚመጣው ራስ ምታትና እንቅልፍ ነው፣ ተመልካቹም ፊልሙ አሰልችቶት የተኛ ይመስላል። በጨለመ ክፍል ውስጥ ከሰል አይግባ፤ ጋቢና ባና ይበቃል። ለአየር ከበሩ ሥርና ከመስኮቱ አናት ክፍተት ተዉ፣ ብርሃኑን ለመከልከል ከክፍተቱ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ጨርቅ አንጠልጥሉ፤ አየር ይጠማዘዛል፣ ብርሃን ግን አይጠማዘዝም።

አሁን በማሽኑ መመሪያ ላይ ብዙ ሰው ገልጦ ወደሚያልፈው ገጽ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያነሳው ሙቀትም ያንሳል። ብዙ ማሽኖች «ሃይ አልቲትዩድ» (ከፍታ ቦታ) የሚል፣ ፋኑን የሚያፈጥን ምርጫ ያላቸው ለዚህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ አብሩት ይላሉ። ሲበራ ፋኑ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ለመሸሽ የሚያጠፋው ሰው የአምፖሉንና የውስጥ ሌንሶቹን ዕድሜ እየበላ ነው። የብዙዎቹ ወሰን 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል፤ ወደ መንዝ ጓሳ ከፍታዎች ለሚወስደው ሰው ይህ ትርጉም አለው። ምርጫው የሌለው ርካሽ ማሽን ከሆነ በሁሉም በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ስጡት፣ ብርሃኑንም ወደ «ኢኮ» ዝቅ አድርጉት፣ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ሌላ ነው። አየሩ ያን ያህል አልሳሳም፣ ግን ራሱ ይሞቃል፤ እዚያ ማሽኑን ከቆርቆሮው ሥር ካለው የሞቀ ኮርኒስ አውርዳችሁ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ከመኪና የወረደ ማሽን ወዲያው ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ከተከፈተ ሌንሱ ላይ ላብ ይሠራል፤ ከነካርቶኑ 1 ወይም 2 ሰዓት ይቆይ። ቡናውና ዕጣኑ ደግሞ ከማሽኑ ይራቁ። የዕጣን ጭስ በፋኑ ተስቦ ይገባል፣ በሌንሱ ውስጥ ገጽ ላይ ቢጫ ቅባት ሆኖ ይቀራል፣ እሱን ማጽዳት ማሽኑን መፍታት ይጠይቃል። በጭሱ ሰዓት ጠፍቶ ይሸፈን፣ ፋኑ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ። የአየር ማጣሪያ ካለው በየ2 ወሩ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

መብራት። 100–240 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ማሽን ቮልቴጅ ቢወርድ ብዙም አይጎዳም፤ ስለዚህ ስታብላይዘር ቀዳሚ ወጪ አይደለም። የሚጎዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ምት፤ ለዚህ ፍሪጅ የሚሰካበትን፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስገባውን መከላከያ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ባለ አምፖል ማሽን ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ መጥፋት ነው፤ አምፖሉ እንደጋለ ፋኑ ይቆማል። 300 ዋት ለሚወስድ ማሽን 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው) ፊልሙን ለመጨረስ አይበቃም፣ አጥፍቶ ለማቀዝቀዝ ግን ይበቃል፤ ሥራውም ይኸው ነው። የኤልኢዲ ማሽን ይህ ብዙም አያሳስበውም።

ድምፁን በብሉቱዝ ከላካችሁት ከከንፈር ይዘገያል፤ በሽቦ አገናኙት። ስፒከሩ ከስክሪኑ ሥር ይሁን። ክረምት ላይ ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብ የትኛውም ስፒከር አያሸንፈውም፣ ለዚያ የትርጉም ጽሑፍ አለ። ከሪሲቨር ወይም ከላፕቶፕ የሚመጣው የኤችዲኤምአይ ሽቦ እስከ 5 ሜትር ድረስ ችግር የለውም፤ ከ10 ሜትር በላይ ተራ ሽቦ ምስል ይቆራርጣል።

መጨረሻ የሚስተካከለው ሥዕሉ ነው። «ዳይናሚክ» የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያበዛል፤ «ሲኒማ» ወይም «ዋርም» ያለውን ያዙ፣ «ሻርፕነስ»ን ወደ ዜሮ አውርዱ። ጥቁር ጋቢ የለበሰ ወይም ጥቁር ፀጉር ያለው ሰው በሚታይበት የጨለማ ትዕይንት ላይ ፊልሙን አቁማችሁ «ብራይትነስ»ን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፤ የፀጉሩ ዝርዝር ሊጠፋ ሲል አንድ ነጥብ መልሱ። ፎከሱን ግን ማሽኑ እንደበራ አትንኩ። ሌንሱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ በቀዝቃዛ ሳሎን ውስጥ የጠራው ፎከስ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይሸሻል፤ ያን ያህል ካበራችሁት በኋላ መሀሉን ሳይሆን ከመሀል ወደ ጥግ ግማሽ መንገድ ላይ ያለውን ፊደል እያያችሁ አጥሩት። መሀሉ ጠርቶ ጥጎቹ ቢደበዝዙ ስክሪኑ መወጠሩን ወይም ሌንሱ ቀጥ ብሎ መቆሙን መርምሩ። በርካሽ ሌንስ ላይ አራቱም ጥግ እኩል ከደበዘዙ ግን የሌንሱ አቅም እዚያ ነው፤ ምስሉን በ10 ኢንች ማሳነስ ነጥቦቹን ያጠብባቸዋል፣ ድብዝዝታውም ከወንበራችሁ ሲታይ ይቀንሳል።